ሞቆ የማይነሳ ማርቼዲስ

ጠዋት ላይ እንከን አይወጣለትም። ሌሊቱን ጤዛ ሲወርድበት ያደረ መኪና ቁልፉ ገና ሲዞር ይነሳል፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጮኻል፣ ከዚያ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ቀስ እያለ ይወርዳል። መከራው የሚጀምረው ከሞቀ በኋላ ነው። ከሳሪስ ፒያሳ ነድቼ፣ ጉዳዬን ጨርሼ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስመለስ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። ባትሪው ሊደክም ሲል አንዴ ያስለዋል፣ በሁለት ሲሊንደር ይንቀጠቀጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋና እንደ ምንም ይነሳል። ይሄ ሁሉ ሲሆን የፓርኪንግ ልጆች ለመግፋት እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

መኪናው ማርቼዲስ 230ኢ ነው፣ የ1983 ሞዴል በፈረንጅ አቆጣጠር። አጎቴ ከአንድ ኤምባሲ ጨረታ የገዛው፣ ሰው ሲያየው «የደርግ ባለሥልጣን መኪና» የሚለው ዓይነት። ይህ ደብልዩ 123 የሚባለው ሞዴል ከ1976 እስከ 1986 ድረስ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል፤ የእኔው 2.3 ሊትር አራት ሲሊንደር ሆኖ 136 የፈረስ ጉልበት አለው ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ያ ሁሉ ፈረስ እንደማይገኝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሞቆ የማይነሳ መኪና ያለው ሰው አማካሪ አያጣም። አንዱ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ኮይል ነው ይላል፣ ሌላው የቤንዚን ፖምፓው ደክሟል ይላል፣ ሦስተኛው «ካንዴላ ቀይር» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚያናድደውም ይሄ ነው። ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ምክር ግን አንድ ነው። የሰፈራችን አንጋፋ መካኒክ፣ ጋሼ የምለው ሰውዬ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ያንን እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ የብረት ቱቦ ሲያይ ራሱን ነቀነቀና «ልጄ፣ ይሄን ኢንጄክሽን ንቀለውና ካርቡራቶሪ እሰርበት። ትገላገላለህ» አለኝ።

ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። ሁለቱም ቤንዚንን ከአየር ጋር ለሞተሩ የሚያቀርቡ ናቸው፤ ኢንጄክሽን በግፊት ይረጫል፣ ካርቡራቶሪ አየሩ ራሱ እንዲስበው ያደርጋል። ካርቡራቶሪን ፈትቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ ነፍቶ መግጠም የሚችል ሰው በየመንገዱ አለ፤ የጀርመኑን የቦሽ ኩባንያ ሜካኒካል ኢንጄክሽን የሚያውቅ ግን እየጠፋ ነው። ኢንጄክሽኑ ተነቅሎለት ከሌላ መኪና የተፈታ ካርቡራቶሪ የታሰረለት ማርቼዲስ አይቻለሁ። ይነሳል። ይሄዳልም። ግን አይጎትትም፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ሽታው ጋቢና ድረስ ይገባል። በዚያ ላይ የተነቀለው ማከፋፈያ (ቤንዚኑን ለየሲሊንደሩ የሚያካፍለው ክፍል) እዚያው ጋራዡ ጥግ ዘይት ጠጥቶ ይቀራል፤ ባለቤቱ ነገ ልመልሰው ቢል አያገኘውም። እኔ ይሄን አልፈለግኩም። ከመንቀል በፊት ግን ምን እንደታመመ ማወቅ ነበረብኝ፣ ለማወቅ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት።

ስሙ ኬ-ጄትሮኒክ ይባላል። በፈረንጅ 1973 መጀመሪያ ላይ በፖርሽ 911ቲ ገበያ የወጣ ሥርዓት ነው። የሚገርመው፣ ከእሱ በፊት የመጣው ዲ-ጄትሮኒክ፣ በ1967 ቮልስዋገን 1600 ላይ የታየው፣ ኤሌክትሮኒክ ነበር። ማለትም ቦሽ መጀመሪያ ኤሌክትሮኒኩን አወጣ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ኮምፒውተር የሌለው፣ በግፊት ብቻ የሚያስብ ሜካኒካል ነገር ሠራ። ይሄ ዛሬ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። የተቃጠለ የኤሌክትሮኒክ ሳጥን አዲስ አበባ ላይ አይጠገንም፤ የተዘጋ ቱቦና የተቀደደ ላስቲክ ግን ሰው ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሁሉ አንድ ክብ ሳህን እየገፋ ከቦታው ያንቀሳቅሳል። ሳህኑ ከዘንግ ጋር ተያይዟል፣ ዘንጉ ደግሞ ማከፋፈያው ውስጥ ያለችውን ቀጭን የብረት ፒስተን ወደ ላይ ይገፋል። ፒስተኗ ከፍ ባለች ቁጥር ስፋታቸው 0.2 ሚሊሜትር ብቻ የሆኑ ስንጥቆች ይከፈታሉ፤ በእያንዳንዱ ስንጥቅ የሚያልፈው ቤንዚን በየራሱ ቱቦ ወደ ኢንጄክተሩ ይሄዳል። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ኢንጄክተሮቹ ሳያቋርጡ ይረጫሉ፤ ክፈት ዝጋ የሚላቸው ምልክት የለም። ከፒስተኗ በላይ ደግሞ ወደ ታች የሚጫናት ሌላ ግፊት አለ፣ የመቆጣጠሪያ ግፊት ይባላል። ነገሩ ሚዛን ነው፦ በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ወገን ይህ ግፊት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የመቆጣጠሪያ ግፊቱ ወደ 1.5 ባር ዝቅ ይላል፣ ሳህኑ በቀላሉ ይገፋል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። ሲሞቅ ዋርም-አፕ ሬጉሌተር የምትባል የጡጫ ያህል ቁራጭ ውስጧ ያለው ብረት በኤሌክትሪክ ሙቀት ይታጠፍና ግፊቱ ወደ 3.5 ባር አካባቢ ይወጣል፤ ያኔ ቤንዚኑ ይመጠናል። ሁሉንም የሚመግበው ዋናው የሥርዓቱ ግፊት ከ5 ባር ትንሽ አለፍ ይላል።

ይህን ያወቀ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ፖምፓ ሳይሆን የግፊት መለኪያ ነው። በእኔ አስተያየት ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። እስከ 10 ባር የሚያነብ፣ መሀሉ ላይ መዝጊያ ያለው፣ ሁለት ቱቦ የወጣለት መለኪያ የአክስቴ ልጅ ከጀርመን ስትመጣ ይዛልኝ መጣች፤ ሶማሌ ተራ ስጠይቅ ያሳዩኝ የጎማ መለኪያ ነበር። (ባለሱቁ «ግፊት ግፊት ነው» ሲል ተከራክሮኛል።)

ከመለኪያው በፊት ግን አንድ ነገር በጆሮ ይጣራል። መኪናው ሞቆ አልነሳም ባለበት ሰዓት፣ ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር፣ ከኋላ አክስል አጠገብ መኪናው ሥር ያለው ፖምፓ ይጮኻል ወይ? ፖምፓውን የሚያዘው ሪሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ከስፒንትሮጂኖ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው) በኩል የእሳት ምልክት ካላገኘ ፖምፓውን አያሠራውም፤ መኪና ተጋጭቶ ሞተሩ ሲጠፋ ቤንዚን መፍሰሱን እንዳይቀጥል ነው እንዲህ የተሠራው። የሪሌው ብየዳ በዕድሜ ይሰነጠቅና ሲሞቅ ይለቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ምልክቱ ከእኔ መኪና ሕመም ጋር አንድ ነው፣ መድኃኒቱ ግን የብየዳ ጫፍ ብቻ። የእኔው ፖምፓ ይጮኻል። አንድ ካንዴላ ፈትቼ ከብረት ጋር አስነክቼ ሳየውም እሳቱ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ኮይል ያለውም ሪሌ ያለውም ወጡ፣ ወደ ቤንዚኑ ገባን።

መለኪያው ከማከፋፈያው ወደ ዋርም-አፕ ሬጉሌተር በሚሄደው ቱቦ መሀል ይገባል። እዚህ ላይ ሳልናገር ማለፍ የማልችለው ነገር አለ፦ እዚያ ቱቦ ውስጥ ግፊት ያለው ቤንዚን አለ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ የጋለ ማኒፎልድ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይፈታም፣ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፣ ቡሎኑ ሲላላ ጨርቅ ይጠመጠምበታል፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሲጋራ የያዘ ተመልካች ከግቢ ይወጣል። ሲገጠምም የድሮው የመዳብ ሮንዴላ ተመልሶ አይገባም። አንዴ የተጨመቀ መዳብ ሁለተኛ አይዘጋም፣ ላብ ላብ ይለዋል።

ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳሁት። መዝጊያው ሲዘጋ መርፌው የሥርዓቱን ግፊት አሳየኝ፤ ከ5 ባር ትንሽ ከፍ ብሎ ቀጥ። ስለዚህ ፖምፓው ጤነኛ ነው፣ የሰው ሁሉ ተጠርጣሪ እዚህ ላይ ነጻ ወጣ። መዝጊያው ሲከፈት ወደ 1.5 ወረደ፣ ከዚያ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ቀስ በቀስ ወደ 3.6 ወጣ። ዋርም-አፕ ሬጉሌተሯም ሥራዋን ታውቃለች። ከዚያ ቁልፉን አጠፋሁት።

የዚህ ሥርዓት ዋና ፈተና ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ያለው ነው። ጤነኛ ሲሆን መርፌው ወዲያው ወደ ሁለት ተኩልና ሦስት ባር መሀል ይወርዳል፣ እዚያው ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ለምን እዚያ? ኢንጄክተሮቹ የሚከፈቱት ከ3 ባር በላይ ሲያገኙ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በታች ከሆነ ይዘጋሉ፣ አይንጠባጠቡም። ከዜሮ በላይ ሆኖ መቆየቱ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን እንዳይፈላ ነው። ሞተር ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ የውኃው ዙረት ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን የትም አይሄድም፤ ወደ ላይ ይወጣና ማከፋፈያውንና ቱቦዎቹን ይጠብሳል። ለዚህ ነው መኪና ከመንዳት ይልቅ ነድቶ ማቆም የሚከብደው። ቤንዚን የብዙ ነገር ድብልቅ ስለሆነ ቀላል ቀላሉ ክፍል ገና በ40 ዲግሪ አካባቢ መትነን ይጀምራል። ግፊት ካለው ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ግፊቱ ከሄደ እንፋሎት ይሆናል፣ ኢንጄክተሩም በቤንዚን ፋንታ እንፋሎት ያስላል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷን ጣጣ ትጨምርበታለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት ሩብ ያህል ነው፤ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላብን ለዚያ ነው። ቤንዚንም እንዲሁ ቀድሞ ይፈላል። ሽቱትጋርት ላይ የደከመ አኩሙሌተር (ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱን የሚጠብቀው ቆርቆሮ) ይዞ ዓመቱን የሚዘልቅ መኪና እዚህ ግማሽ ሰዓት አይታገሥም።

የእኔ መርፌ ወደ 2.8 ወረደ። እሰየው አልኩ። ከዚያ ግን አልቆመም። ዓይን እያየው፣ ልክ እንደሚያንቀላፋ ሰው ራሱን ዝቅ ዝቅ እያደረገ፣ ያዘዝኩት ሻይ ሳይቀርብ ዜሮ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በየተራ መዝጋት ነው፣ በየት እንደሚያመልጥ ለማወቅ። ሞተሩን አስነስቼ አጠፋሁና የመለኪያውን መዝጊያ ዘጋሁ፤ መርፌው ያኔ ቢቆም ሌባዋ ዋርም-አፕ ሬጉሌተሯ ነበረች። አልቆመም። ወደ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከሩ) የሚመለሰውን ላስቲክ ቱቦ ጠርዝ በሌለው መቆንጠጫ ያዝኩ፤ ቢቆም ማከፋፈያው ውስጥ ያለው የግፊት ማስተካከያ ነበር። አልቆመም። ከፖምፓው በኩል ያለውን ያዝኩ፤ ቢቆም የፖምፓው ቼክ ቫልቭ (ቤንዚን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው) ነበር፣ ከሁሉ የሚረክሰው፣ የምመኘውም እሱን ነበር። አልቆመም። የቀሩት አኩሙሌተሩ፣ ኢንጄክተሮቹ፣ ወይም በብርድ ማስነሻው ኢንጄክተር በኩል የሚፈስ ነገር።

አኩሙሌተር የሚባለው ከፖምፓው አጠገብ የተቀመጠ፣ ውስጡ ስፕሪንግና የላስቲክ ሽፋን ያለበት ቆርቆሮ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ስፕሪንጉ ሽፋኑን እየገፋ ያንን ቀሪ ግፊት የሚጠብቀው እሱ ነው። ከኋላው አንዲት ቀጭን ቱቦ አለችው፤ በዚያች ቱቦ በኩል ቤንዚን መምጣት የለበትም፣ ምክንያቱም ከሽፋኑ ጀርባ ናት። መኪናው ሥር ተኝቼ ቱቦዋን ሳወልቃት እጄ ረጠበ። መጀመሪያ ጠብታ፣ ከዚያ ፖምፓው ሲሠራ ቀጭን ክር ሆኖ ወረደ። ሽፋኑ ተቀዷል ማለት ነው። ተቀዶ ስንት ዓመት ቤንዚኑን በጓሮ በር ወደ ሰልባትዮ ሲመልስ እንደኖረ እሱ ይወቀው።

አኩሙሌተሩን ስፈልግ ሶማሌ ተራ ያገኘሁት ያገለገለ ነበር፤ ሻጩም «ኦሪጂናል ጀርመን» ብሎ ማለልኝ። እዚህ ላይ ኮስታራ ነኝ፦ ላስቲክ ያለበት ዕቃ ያገለገለ አይገዛም። ብረት ከሆነ ይሁን። ላስቲኩ ግን የተቀዳደደው የእኔም የጀርመን ኦሪጂናል ነበር። አዲሱ እንደተለመደው በሻንጣ መጣ። ሰው ከውጭ ዕቃ ስታስመጡ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቤንዚን የነካ ያገለገለ ፖምፓም ሆነ አኩሙሌተር አውሮፕላን ላይ አደገኛ ጭነት ነው፣ ዘመድን ችግር ውስጥ ይከታል። አዲስ ብቻ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት።

ከተገጠመ በኋላ መርፌው ከ2.5 ባር በላይ ቆሞ ቀረ። ፒያሳ ላይ አቁሜ ምሳ በልቼ ስመለስ በመጀመሪያው ዙር ተነሳ። የፓርኪንግ ልጆቹ ቅር አላቸው መሰለኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ጥቁር ጭሱ ግን አለ። ካንዴላዎቹ ሲፈቱ ጥላሸት ለብሰዋል፣ ደረቅ፣ በጣት ሲነኩ የሚራገፍ። ሁለተኛው ሕመም ይሄ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር ስለተደረበ አንድ ይመስል ነበር።

ነገሩን የገለጠልኝ የአዋሽ መንገድ ነው። ከአዳማ በኋላ፣ መተሐራን አልፎ ወደ አዋሽ ሰባት ሲወረድ መኪናው ልጅ ይሆናል። የአክሰለሬተሩ ዝለት ይጠፋል፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሲረገጥ ይመነጨቃል። ስመለስ ሞጆን አልፌ ዳገቱን ስይዝ እንደገና ያረጃል። ከፍታው ነው። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከዚያ ከእጥፍ በላይ።

መካኒኮች ሁሉ «አዲስ አበባ ላይ ሞተር ጉልበት ያጣል» ይላሉ፣ እውነት ነው፦ የአየሩ ሩብ ስለጎደለ ከ136 ፈረስ ወደ 100 የሚጠጋው ብቻ ይቀራል። ብዙ የማይነገረው ቤንዚኑ በዚያው ልክ አለመቀነሱ ነው። ያ ሳህን የአየሩን ክብደት አያውቅም፣ ግፊያውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀጭን አየር ያንኑ ሳህን ያንኑ ያህል ለመግፋት ፈጥኖ ያልፋል፤ ሳህኑም ብዙ አየር የገባ መስሎት ቤንዚን ይጨምራል። ስሌቱ በካሬ ሥር ስለሚሄድ፣ አየሩ በ25 በመቶ ሲሳሳ ቅልቅሉ የሚወፍረው 15 በመቶ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለጥላሸትና ለቤንዚን ሒሳብ ግን ይበቃል። ደግሞ ይህ የኢንጄክሽን ብቻ ጉዳይ አይደለም። ካርቡራቶሪም በዚያው ሕግ ነው የሚታለለው። ጋሼ ሊያስርልኝ የነበረው ካርቡራቶሪ የሠሪው ጂግለር (የቤንዚን መጠን የሚወስነው ቀዳዳ) ሳይቀየር ቢታሰር ኖሮ ጭሱ የትም አይሄድም ነበር።

የተለመደው መፍትሔ ከማከፋፈያው ጎን ባለችው ቀዳዳ የ3 ሚሊሜትር ቁልፍ አስገብቶ ቡሎኗን ማዞር ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃት የዚህ ሥርዓት ብቸኛ ቡሎን እሷ ስለሆነች ትሰቃያለች። ሞተሩ ቢያስል እሷ፣ ቢጨስ እሷ፣ ባይነሳ እሷ። እውነቱን ለመናገር እሷ የምትገዛው በዋናነት ሚኒሞውን ነው፣ የምትነካውም ሌላው ሁሉ በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በጭስ መመርመሪያ ማሽን፣ ከሩብ ዙር ባነሰ ንክኪ ነው። ቁልፉ ገብቶ ሳለ ቤንዚን ከተረገጠ ደግሞ ዘንጉ ይጣመማል።

ከፍታን የሚያካክሰው ትክክለኛ ቦታ የመቆጣጠሪያ ግፊቱ ነው። አንዳንድ ዋርም-አፕ ሬጉሌተሮች ውስጣቸው የአየር ግፊት የሚሰማ እንክብል አላቸው፤ መኪናው ተራራ ሲወጣ ራሳቸው ግፊቱን ከፍ ያደርጋሉ። የእኔዋ የላትም። በመዶሻ እየቀጠቀጡ የሚያስተካክሏት አሉ፣ አንዴ ከመቱ በኋላ ግን ወደ ኋላ መመለስ ጭንቅ ነው። እኔ ከውጭ በቡሎን የምትስተካከል ሆና የተሠራች አሮጌ አገኘሁና፣ ውስጧ ብረት ብቻ መሆኑን አይቼ ገዛኋት። ሲሞቅ ወደ 4 ባር አወጣኋት። ሙሉ በሙሉ ማካካስ አይቻልም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ግፊት ከዋናው የሥርዓቱ ግፊት ጋር ሊገጥም ይደርሳል። ግን ጭሱ ሳሳ፣ ካንዴላዎቹ ቡናማ ሆኑ። አዋሽ ብወርድም ቅልቅሉ ከሚገባው በላይ አይሳሳም፣ የተረፈው ውፍረት ይሸከመዋል።

ሌላው የሚያስቸግረው ሚኒሞ ነው፣ ከፍ ዝቅ የሚለው። እዚህ ላይ ነገሩ አጭር ነው፦ በሳህኑ በኩል ሳያልፍ የሚገባ አየር ሁሉ ያልተቆጠረ አየር ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ክፈቱ፤ ሞተሩ ሊጠፋ ቢንገዳገድ ሥርዓቱ በደንብ ተዘግቷል፣ ምንም ካልመሰለው ሌላ ቦታ ቀዳዳ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የኢንጄክተሮቹ ማኅተም ላስቲክ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል። በስሪንጅ ቤንዚን የሚረጩበት አሉ፣ አታድርጉት። የውኃ ጉም በመርጫ ቢረጩበትም ድምፁ ይቀየራል።

ስለ ቤንዚኑም አንድ ነገር። የእኛ ቤንዚን ብዙ አሳልፏል። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10 በመቶ ይቀላቀልበት የነበረ ጊዜ አለ። ኢታኖል ውኃ ይስባል፣ መኪናው ብዙ ከቆመ ውኃው ሰልባትዮው ሥር ይቀመጥና ዝገት ያበጃል። የወረፋው ጊዜ ደግሞ በጀሪካንና በሃይላንድ የተሸጠው ውስጥ ምን እንደነበረ ሻጩም አያውቅም። ያ ሁሉ የሚያልፈው በእነዚያ 0.2 ሚሊሜትር ስንጥቆች ነው። ፊልትሮ ሲቀየር ሰልባትዮው ሥር ያለው ወንፊትም ይወጣል፤ የእኔው ሲወጣ ቀይ ጭቃ ነበር። ፒስተኗን ለመፈተን ፖምፓውን ለአፍታ ብቻ አስነስቶ ማጥፋት፣ ከዚያ ሳህኑን አየሩ በሚገፋበት አቅጣጫ ማንቀሳቀስ ነው። እስከ ጫፍ ድረስ እኩል ክብደት ሊሰማችሁ ይገባል። መሀል ላይ የሚይዝ ነገር ካለ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይዟታል። ፖምፓው እየሠራ ሳህኑን ከቦታው አንቀሳቅሶ መያዝ ግን ሲሊንደሮቹን በቤንዚን መሙላት ነው፤ ከዚያ ሞተሪኖ የመታ ሰው ኮኔክቲንግ ሮድ (የሞተሩን ፒስተን የሚይዘውን ዘንግ) ሊያጣምም ይችላል።

«ይሄን ሁሉ ከመድከም አዲስ አትገዛም?» የሚለኝ ሰው አለ። በምን? በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ አስከፍሎ ዘጋው። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ጨርሶ እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪኩን አልጠላም፣ ለከተማው አየር ጥሩ ነው። ግን አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች እዚሁ ይኖራሉ፣ የሚያውቃቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ጋሼ መለኪያውን መጀመሪያ ሲያየው «ሰዓት አስመጣህ?» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር። አኩሙሌተሩ ከተቀየረ በኋላ አንድ ቀን መጥቶ ሞተሩን ራሱ አስነሳው፣ አጠፋው፣ አስነሳው። ምንም አላለም። በሳምንቱ ደወለልኝ። አንድ ደንበኛው የድሮ ቮልቮ አምጥቶለታል፣ ያው ሸረሪት እግር ያለው፣ ሲሞቅ የማይነሳ።

«ልጄ፣ ያቺን ሰዓት ላክልኝማ።»

«ካርቡራቶሪ አታስርበትም እንዴ ጋሼ?»

«እሱን መጀመሪያ እንየዋ።»

ላኩለት። ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰም። ስደውልለት «መርፌዋ ገና አልቆመችም» ይለኛል።